በእጅ ያለው ዕቃና በሩቅ ያለው ንብረት

የአንድ ዕቃ ዋጋ የሚመዘነው በውስጡ ባለው ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ ለብዙ ዘመን የነጋዴውም የሸማቹም የጋራ እምነት ሆኖ ኖሯል። ራዲዮ የገዛ ሰው ራዲዮውን፣ ቴፕ የገዛ ሰው ቴፑን ከነሙሉ አካሉና ከነሙሉ ችሎታው ይዞ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር፤ ዕቃው ቢበላሽ ወደ ጠጋኝ ይወሰዳል እንጂ ሻጩም ሠሪውም ከተሸጠበት ቀን በኋላ በዕቃው ላይ አንዳች ሥልጣን አልነበራቸውም። ዛሬ ግን ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል ባሉት መደብሮች፣ እንዲሁም በ2016 ዓ.ም. ከተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ ወዲህ ከፒያሳ ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈር በሄዱት ሱቆች፣ በመስታወት ውስጥ ተደርድረው የምናያቸው ስልኮች፣ ቴሌቪዥኖችና የጥበቃ ካሜራዎች፣ ምንም እንኳ በመልካቸው ከቀድሞዎቹ የተዋቡና የቀጠኑ ቢሆኑ፣ ብዙውን ሥራቸውን የሚሠሩት በራሳቸው አይደለም። ማከማቻቸውም፣ ስሌታቸውም፣ አንዳንዴም የመሥራትና ያለመሥራት ፈቃዳቸው ሳይቀር ያለው ባሕር ተሻግሮ በሚገኝ፣ ሸማቹ በዓይኑ በማያየው የኮምፒውተር ማእከል ውስጥ ነው። ይህ ለውጥ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታለፍ አይገባውም፤ የቤተሰብን የወር ወጪ፣ የነጋዴን ትርፍ፣ የጠጋኝን እንጀራ፣ የሀገርንም የውጭ ምንዛሪ የሚነካ ዐቢይ የኢኮኖሚ ጉዳይ ነውና በዚህ ሳምንት ረጋ ብለን እንመረምረዋለን።

የነገሩ አመጣጥ

አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 የራሱን የኮምፒውተር ማከማቻና የስሌት ኃይል በሰዓትና በመጠን እየለካ ለሌሎች ድርጅቶች ማከራየት በጀመረ ጊዜ፣ ነገሩ የሚመለከተው ድርጅቶችን ብቻ ይመስል ነበር። አንድ ድርጅት ኮምፒውተር ገዝቶ፣ ክፍል አዘጋጅቶ፣ ማቀዝቀዣ አቁሞና ባለሙያ ቀጥሮ ከሚደክም የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ተከራይቶ ቢሠራ ይሻለዋል የሚል፣ ማንም ነጋዴ የሚረዳው ቀላል ሒሳብ ነበረበት፤ ማይክሮሶፍትና ጉግልም በዚያው መንገድ ተከተሉ፤ ሁላችንም ክላውድ እያልን የምንጠራው ይኸው ነው። የኪራዩ ዋጋ እየረከሰ፣ የኢንተርኔቱም መሥመር እየፈጠነ ሲሄድ ግን የዕቃ ሠሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። በእያንዳንዱ ሸማች እጅ ውድ ፕሮሰሰርና ሰፊ ማከማቻ ከማኖር ይልቅ እነዚህን በአንድ ማእከል ሰብስቦ በመሥመር ማደል ይረክሳል፤ ምክንያቱም የሸማቹ ዕቃ ባለቤቱ ሲተኛ ሥራ ፈትቶ ሲያድር፣ የማእከሉ ኮምፒውተር ግን አንዱ ሲተኛ ሌላውን እያገለገለ ሌት ከቀን ይሠራል።

ከዚያ በኋላ የዕቃዎች ቅርጽ መለወጥ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሳምሰንግና ኤሰር ክሮምቡክ የተባለውን፣ ጥቂት ማከማቻ ብቻ ያለውንና ዋና ሥራው በኢንተርኔት የሆነውን ላፕቶፕ ለገበያ አቀረቡ፤ በዚያው ዓመት አፕል የስልክን ፎቶና ሰነድ በሩቅ የሚያስቀምጠውን አይክላውድን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2014 አማዞን ያወጣው ኤኮ የተባለ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ነገሩን እስከ ጥጉ አደረሰው፤ ዕቃው ጆሮና አፍ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል፤ ተናጋሪው የጠየቀውን ሰምቶ ወደ ሩቅ ማእከል ይልካል፣ ማስተዋሉና መልስ መስጠቱ በዚያ ይፈጸማል፣ መልሱም ተመልሶ በድምፅ ይሰማል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2015 ጋላክሲ ኤስ6ን ሲያወጣ የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያውን ዘጋ፤ ገዢዎች ባጉረመረሙ ጊዜ በሚቀጥለው ዓመት መለሰው፤ በ2021 ግን በኤስ21 እንደገና አስወገደው። የማስገቢያው መዘጋት ስልኩን ለማቅጠንና ከውኃ ለመጠበቅ ይረዳ ይሆናል፤ ነገር ግን በርካሽ ካርድ ማከማቻውን ያሰፋ የነበረውን ሰው ወይ ማከማቻው የሰፋ ውድ ስልክ እንዲገዛ ወይ በሩቅ ያለውን ቦታ እንዲከራይ የሚገፋው መሆኑ አይካድም።

የዚህን ለውጥ ኢኮኖሚያዊ ምሥጢር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዕቃ የሚሸጥ ኩባንያ ገቢው ሸማቹ አዲስ ዕቃ እስኪገዛ ድረስ የሚቆም ሲሆን፣ አገልግሎት የሚያከራይ ኩባንያ ግን በየወሩ የማይቋረጥ ገቢ አለው። አፕል 5 ጊጋባይት፣ ጉግል 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣሉ፤ ጉግል ፎቶዎችን ያለ ገደብ በነፃ ሲያስቀምጥ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ያንን ለጋስነቱን አቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ የልጁን ልደትና የእናቱን መልክ በዚያ የሚያከማች ሰው፣ ነፃው ቦታ ሲሞላበት፣ ፎቶውን አውርዶ የሚያስቀምጥበት ሌላ ቦታ ከሌለው ከመክፈል ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በራሱ ርስት ላይ ያርስ የነበረ ገበሬ መሬቱ በሌላ ሰው እጅ ገብቶበት፣ ሞፈርና ቀንበሩ የራሱ ሆኖ ሳለ እርቦና ሲሶ እየከፈለ እንደሚያርስ ጭሰኛ ሁሉ፣ የዘመናችን ሸማችም ዕቃው በእጁ እያለ የዕቃው ፍሬ በሌላ ሰው ጎተራ ሆኖበታል።

ከሸክላ እስከ ሜሞሪ

የአራዳ ገበያ ይህን ለውጥ ከብዙ የሀገራችን ገበያዎች ይልቅ በግልጥ ሊያሳየን የሚችል ነው፤ የሙዚቃ ንግድ በዚያ ሰፈር ዘመን ከዘመን የተፈራረቁትን ዕቃዎች ሁሉ አስተናግዷልና። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ፣ ያንን ሞኖፖል ደፍሮ፣ የዓለማየሁ እሸቴንና የሌሎችን ድምፃውያን ሥራ በውጭ ሀገር እያሳተመ ማስመጣት ጀመረ። የዚያን ዘመን ሒሳብ እንመልከት። ሸክላው በውጭ ስለሚታተም የውጭ ምንዛሪ ይወጣበት ነበር፤ ነገር ግን ምንዛሪው የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ያ ሸክላ በአንድ ቤት ሺህ ጊዜ ቢደመጥ፣ ለጎረቤት ቢዋስ፣ ለልጅ ቢወረስ ማንም ተጨማሪ ክፍያ አይጠይቅበትም፤ በዚያ ዘመን የታተሙ ሸክላዎች እስከ ዛሬ ድረስ በሰብሳቢዎች እጅ ውድ ዋጋ እያወጡ መሸጣቸውም ንብረትነታቸው ፍጹም ስለ ነበረ ነው።

ካሴት ሲመጣ ማባዛቱ በሀገር ውስጥ ሆነ፤ ንግዱም ሰፋ። ከካሴት በኋላ ሲዲ፣ ከሲዲ በኋላ ሜሞሪ መጣ፤ አንድ ወጣት አንድ ኮምፒውተር ይዞ በጠባብ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ፣ ደንበኛው ካርዱን ከስልኩ አውጥቶ ሲሰጠው በጥቂት ብር የፈለገውን ዘፈን ጭኖ ይመልስለት ነበር። በዚህ ዘፈን ማስጫን በሚባለው ሥራ ድምፃውያኑ፣ ደራሲዎቹና አሳታሚዎቹ የድካማቸውን ዋጋ እንደ ተነጠቁ መሰወር አይገባም፤ ሕግን የተላለፈና ጥበብን ያደኸየ ሥራ ነበር። በሸማቹ በኩል ግን ዘፈኑ በእጁ ባለው ካርድ ላይ ነበርና ኔትወርክ ቢጠፋም መብራት ቢጠፋም፣ ባትሪው እስካለ ድረስ ያደምጠው ነበር።

ዛሬ ዘፈን ግዙፍ አካል የለውም፤ ረቂቅ ሆኖ በዩቲዩብ ይመጣል፣ በተደመጠም ቁጥር ዳታ ይበላል። እዚህ ላይ የሚመሰገን ነገርም አለ፤ በውጭ ሀገር ያለው ወገናችን የሚያደምጠው የሀገሩ ዜማ ለድምፃውያኑ በውጭ ምንዛሪ ገቢ ያስገኝላቸዋል፤ በሸክላውም በካሴቱም ዘመን እንዲህ ያለ ሰፊ ገበያ አልነበረም። በመሥመር የሚመጣው ዘፈን ለአዝማሪው የተሻለ ሲሆን ለአድማጩ ደግሞ ተደጋጋሚ ወጪ ሆኗል፤ ትርፉና ኪሳራው በተለያዩ ሰዎች ላይ የሚወድቅ መሆኑን ለይቶ ማየት የሒሳብ ዐዋቂ ሰው ግዴታ ነው።

በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ

የለውጡን ኃይል በቅርብ ለማየት የሚፈልግ ሰው ከሞባይል ጠጋኞች አንዱ ዘንድ ጥቂት ቢቆም ይበቃዋል። በጠረጴዛው ላይ ስክሪኑ ያልተጫረ፣ ባትሪው ጤነኛ፣ ቦርዱ እንከን የሌለው አይፎን ተጋድሞ ይታያል፤ ሲበራ ግን የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ከዚያም አያልፍም። ጠጋኙ አገላብጦ ካየው በኋላ «አይክላውድ አለበት» ይላል፤ በዚያች አጭር ቃል የስልኩ ዋጋ ይወድቃል፤ ከዚህ በኋላ የሚገዛው ለዕቃ ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ለአንዱ፣ ካሜራው ለሌላው ይፈታል። አፕል ይህን መቆለፊያ እ.ኤ.አ. በ2013 ያመጣው ሌባ የሰረቀውን ስልክ እንዳይጠቀምበት ነው፤ በሕዝብ መጨናነቅ መካከል ስልኩ ከኪሱ ለተመነተፈ ሰው ይህ ትልቅ ጥበቃ መሆኑን ማንም አይክድም፤ በሩቅ የተቀመጡ ፎቶዎቹና የሰዎች ቁጥሮቹም ከስልኩ ጋር አይጠፉበትም። ይሁን እንጂ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ፣ የይለፍ ቃሉ ግን የተረሳ፣ ወይም ባለቤቱ ሞቶ ለልጁ የተላለፈ ስልክም በዚያው ፍርድ ይያዛል፤ የሟች ልጅ ስልኩን ቢወርስ እንኳ ቁልፉን ለማግኘት በባዕድ ሀገር ላለ ኩባንያ ማስረጃ አቅርቦ መለመን ይኖርበታል።

ይኸው መቆለፊያ በሌላ እጅ ሲገባ ለድኻው የብድር በር ሊሆን እንደሚችል ደግሞ የኬንያ ምሳሌ ያሳያል። ሳፋሪኮም ከጉግል ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2020 ስማርት ስልክን በቀን 20 ሽልንግ እየተከፈለበት የሚሸጥበትን ዘዴ አቆመ፤ ክፍያው ሲቋረጥ ስልኩ ከሩቅ ይቆለፋል፣ ሲከፈል ይከፈታል። ዋስ የሌለውና ደመወዙ ያልተመዘገበ ሰው እንዲህ ባለ መንገድ ብድር ማግኘት የቻለው ዕቃው ራሱ መያዣ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ዕቃን ከሩቅ የማዘዝ ኃይል በራሱ በጎም ክፉም አይደለም፤ በጎነቱም ክፋቱም የሚለየው በማን እጅና በምን ውል እንደ ተያዘ ሲታወቅ ነው።

ውሉ ሳይታወቅ የተገዛ ዕቃ ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ሪቮልቭ የተባለውን፣ የቤት መብራትና መቆለፊያ የሚያዝዘውን መሣሪያ ወደ 300 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ የገዙ ሰዎች፣ ኩባንያውን የገዛው ኔስት የሩቁን አገልግሎት በዘጋ ጊዜ፣ ዕቃቸው ሳይሰበር ሳይቃጠል ከንቱ ሆኖ ቀረባቸው። በሀገራችንም ከዲሽ ጋር ሪሲቨር ገዝቶ ሰርቨር የሚባለውን በዓመት የሚያስሞላ ሰው ተመሳሳይ ነገር ያውቃል፤ ያ መንገድ የባለ ጣቢያዎቹን መብት የሚጥስ ከመሆኑም በላይ፣ ሰርቨሩ የተዘጋ ዕለት ሪሲቨሩ እንደ በፊቱ እየበራ ቻናሎቹ ግን ጠፍተው ይገኛሉ፤ ቅሬታ የሚቀርብለትም ሰው የለም።

የርካሿ ስልክ ትምህርት

በኢትዮጵያ እጅግ የተስፋፋው ከሩቅ ማእከል የሚሠራ ዕቃ የትኛው ነው ብለን ብንጠይቅ ግን መልሱ ከውድ ስልኮች መካከል አይገኝም፤ ቁጥር እየተጫኑ የሚደውሉባት ርካሿ ስልክ ናት። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ሲጀምር አገልግሎቱ ለስማርት ስልክ ብቻ እንዳይሆን *127# በሚለው አጭር ቁጥርም ከፈተው፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤም-ፔሳን አስከትሎ ጀመረ። በዚያች ትንሽ ስልክ ውስጥ የገንዘብ መጠን አልተጻፈም፤ የዝውውር መዝገብም የለባትም፤ ሒሳቡ ሁሉ በማእከል ነው፤ ስልኳ የምታደርገው ቁጥር መላክና መልስ ማሳየት ብቻ ነው። ብትጠፋ ወይም ብትሰበር ባለቤቱ ምትክ ሲም አውጥቶ በሌላ ስልክ ገንዘቡን እንደ ነበረ ያገኘዋል። ዛሬ ቴሌብር ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች አሉት፤ የባንክ ደጅ ረግጦ የማያውቅ ሰው ገንዘብ የሚልክበትና የሚቀበልበት መንገድ ሆኗል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ታላቅ ነው። ዕቃን በሩቅ ማእከል ላይ ማስደገፍ በራሱ ለድኻ ሀገር የማይስማማ ነገር አለመሆኑን፣ እንዲያውም ርካሽ ዕቃ ከዋጋው በላይ እንዲሠራ የሚያደርግ መሆኑን ያስረዳል፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮች ተሟልተውለት ነው። አገልግሎቱ ከመሥመሩ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ ጥቂት ፊደላት ብቻ ስለሚመላለሱ ደካማ ኔትወርክም ይሸከመዋል። ክፍያው በብር ነው። ተጠያቂውም በሀገር ውስጥ ነው፤ ቅር ያለው ሰው የሚሄድበት ቢሮ፣ የሚከስበት ፍርድ ቤት፣ የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ አለ። እነዚህ ሦስት ነገሮች በሌሎቹ ዕቃዎቻችን ላይ መኖር አለመኖራቸውን ብንመረምር ችግሩ የት ላይ እንዳለ ይገለጥልናል።

የምንዛሪውና የመሥመሩ ሒሳብ

ከምንዛሪው እንጀምር። ጉግል 100 ጊጋባይት ቦታ የሚያከራየው በወር በ1.99 ዶላር ነው እንበል፤ ይህ ለአሜሪካዊ ሸማች ከአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ያነሰ ነው። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ሲመነዘር፣ ይህ ኪራይ በወር ወደ 113 ብር ይሆን ነበር፤ ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ ግን ያው ኪራይ ወደ 200 ብር ደረሰ። አከራዩ ዋጋውን በአንዲት ሳንቲም ሳይጨምር፣ ተከራዩም ከቦታው አንዲት ጊጋባይት ሳይጨምር ወጪው ወደ እጥፍ ተጠጋ። በ2015 ዓ.ም. ስልክ የገዛ ሰው የስልኩን ዋጋ በዚያን ጊዜው ምንዛሪ አንድ ጊዜ ከፍሎ ጨርሷል፤ በወር የሚከራየው ግን ምንዛሪው በተለወጠ ቁጥር ዕዳው እንደ አዲስ ይተመንበታል። ደግሞም ከሀገር ውስጥ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ በካርድ መክፈል ለብዙው ሰው የማይቻል በመሆኑ፣ ክፍያውን አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ወንድም ወይም እኅት እንዲሸፍነው ይለመናል፤ በዚህም የተነሣ ለቤተሰብ መደጎሚያ ሊላክ ይችል ከነበረው ገንዘብ ላይ የማከማቻ ኪራይ ይቀነሳል።

መሥመሩም ሌላ ሒሳብ አለው። ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት በመሆኗ ከዓለም ጋር የሚያገናኛት ኬብል በጅቡቲና በኬንያ በኩል አልፎ ወደ ባሕር ይገባል። በአፍሪካ ምድር ከታላላቆቹ ማእከሎች መካከል አማዞን እ.ኤ.አ. በ2020 የከፈተው በኬፕ ታውን፣ ጉግል በ2024 የከፈተው በጆሃንስበርግ ነው፤ ኬፕ ታውን ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እ.ኤ.አ. በ2024 በመጀመሪያ በቀይ ባሕር ሥር ያሉ ኬብሎች፣ ከዚያም በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የሚያልፉት በተበጠሱ ጊዜ፣ የአካባቢው ሀገሮች ኢንተርኔት እንዴት እንደ ደከመ አይተናል። ከዚህም በላይ መሥመሩ በሀገር ውስጥ በተቋረጠባቸው ጊዜያት፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ በመላ ሀገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ገደማ፣ በትግራይ ለረጅም ጊዜ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል ለብዙ ወራት፣ በኢንተርኔት የሚሠሩ ዕቃዎች ሁሉ የተገዙበትን ዋጋ ያህል መሥራት አልቻሉም። የተቋረጠበት ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ ሁልጊዜ የተገናኘ መሥመር አለ ብሎ የተቀረጸ ዕቃ መሥመር በሚቋረጥበት ሀገር ሲሸጥ ባለቤቱ የከፈለው ሙሉ ዋጋ፣ ያገኘው ግን ጎደሎ ዕቃ ነው። ወደ አንዱ ባንክ ገብቶ «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ሰምቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ቅርጽ ዕጣ ፈንታ አይደለም

እንግዲህ ዕቃዎቹ በሩቅ ሀገር ተቀርጸው የሚመጡ ስለ ሆነ እኛ ከመቀበል በቀር ምን ልናደርግ እንችላለን የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን ከራሳችን ገበያ የተገኘ ማስረጃ አለ። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የሚባሉትን ስልኮች የሚሠራው የቻይናው ትራንሽን ኩባንያ በአፍሪካ ገበያ የገነነው ዕቃውን ለአፍሪካ ሸማች ኑሮ ስለ ቀረጸ ነው፤ በሁለት ኔትወርክ ለሚጠቀም ሰው ሁለት ሲም፣ መብራት ለሚጠፋበት ሰው ብዙ የሚቆይ ባትሪ፣ ጥቁር መልክን አጥርቶ የሚያነሣ ካሜራ አበጀለት። እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ መገጣጠሚያ አቋቁሞ በአማርኛ የሚጻፍበት ስልክ አቀረበ። ታላላቆቹ ኩባንያዎች የሜሞሪ ማስገቢያን ሲዘጉ እነዚህ ርካሽ ስልኮች ከነማስገቢያቸው፣ ብዙዎቹም ከነራዲዮናቸው መዝለቃቸው ድንገት የሆነ አይደለም፤ ገዢው ስለ ጠየቀ ነው። የሳምሰንግም ሸማቾች ባጉረመረሙ ጊዜ የተዘጋው ማስገቢያ ለአምስት ዓመት ያህል ተመልሶላቸው ነበር። ከዚህም በላይ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ራሳቸው በአሁኑ ጊዜ ወደ ዕቃው መመለስ ጀምረዋል፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 የድምፅ ትእዛዝን የማድመጡን ሥራ በስልኩ ውስጥ እንዲፈጸም አድርጓል፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራዎችንም በዕቃው ላይ ለማከናወን አዳዲስ ፕሮሰሰሮች እየተሠሩ ነው። ቅርጹ እንደ ገበያው ፍላጎት ወዲያና ወዲህ የሚል ነገር ነውና ፍላጎታችንን አጥርተን መግለጥ የእኛ ፈንታ ነው።

ሊደረግ የሚገባው

አስቀድሞ ሸማቹ የሚያደርገው አለ። ስልክም ሆነ ቴሌቪዥን ወይም ካሜራ ሲገዛ ስለ ውበቱና ስለ ካሜራው ጥራት ብቻ ሳይሆን፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ የትኛው ሥራው እንደሚቀር፣ በየወሩ የሚከፈልበት ነገር ካለ በምን ገንዘብ እንደሚከፈል፣ ሠሪው አገልግሎቱን ለስንት ዓመት እንደሚሰጥ ይጠይቅ። ሻጩ መልሱን ባያውቅ እንኳ ጥያቄው ሲደጋገምበት አስመጪውን ይጠይቃል፤ አስመጪውም ሠሪውን።

ሁለተኛ፣ ሕጉ ይህን ጥያቄ ሊያግዝ ይችላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ መብት ይሰጠዋል፤ ከሩቅ አገልግሎት ጋር ተሳስሮ ለሚሸጥ ዕቃ የአገልግሎቱ ዘመንና የተደጋጋሚው ክፍያ መጠን በካርቶኑ ላይ በአማርኛ እንዲጻፍ በዚሁ መንፈስ መመሪያ ማውጣት አያዳግትም። እንግሊዝ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ ዕቃዎች ሠሪዎች የደኅንነት ማሻሻያውን ቢያንስ እስከ መቼ እንደሚሰጡ እንዲያስታውቁ አስገድዳለች፤ እኛም ከዚህ ብንማር የምናጣው ነገር የለም።

ሦስተኛ፣ ከሁሉ የሚበልጥ የግዢ ኃይል ያለው መንግሥት ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ኬላና ለግብርና ሠራተኛ ታብሌት ሲገዛ፣ መሥመር ሳይኖር ሙሉ ሥራውን የሚሠራ፣ መሥመር ሲገኝ ግን የሰበሰበውን የሚያስተላልፍ እንዲሆን በጨረታው ሰነድ ላይ ቢጽፍ፣ አንድ የጨረታ ሰነድ ከብዙ ሺህ ሸማቾች ልመና ይልቅ የሠሪዎችን እጅ ያንቀሳቅሳል። በገጠር ቀበሌ የተመዘገበ የክትባት መረጃ ኔትወርክ እስኪመጣ ድረስ በታብሌቱ ውስጥ ተጠብቆ ቢቆይ፣ ነርሷ ኮረብታ ለኮረብታ ኔትወርክ ፍለጋ መንከራተት አይኖርባትም።

አራተኛ፣ ማከማቻውን ወደ ሀገር ማቅረብ ነው። ራክሲዮና ዊንጉ የተባሉት ኩባንያዎች በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ የመረጃ ማእከል አቋቁመዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ቴሌክላውድ ብሎ አገልግሎት ይሰጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ በማን እንዴት እንደሚያዝ ሥርዐት አበጅቷል፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው በመሆኑ፣ ኃይል እንደ ልብ የሚበሉት እነዚህ ማእከሎች የሚያስፈልጋቸው መሠረት ተጥሏል ለማለት ይቻላል። ኪራዩ በብር ሲሆን የምንዛሪው ሥጋት ይቀላል፤ መንገዱ አጭር ሲሆን የኬብሉ መበጠስ አይነካውም። ይሁን እንጂ በሀገር ውስጥ መሆኑ ብቻ አመኔታን አያስገኝለትም፤ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ኃይል፣ አንዱ መሥመር ሲቋረጥ የሚሸከም ሌላ መሥመር፣ መረጃውን ያለ ሕግ ማንም እንዳይነካው የሚጠብቅ ዳኝነት ያስፈልገዋል። ይህ ካልተሟላ ሰው ፎቶውንና ሰነዱን ከባዕድ ሀገር አውጥቶ ወደ ገዛ ሀገሩ እንዲያመጣ መምከር አይቻልም።

በሩቅ ማእከል የሚሠራ ዕቃ ወደ ቤታችን ገብቷል፤ ከእንግዲህ ወዲህ አይወጣም፤ እንዲወጣም አንመኝም፤ በርካሽ ስልክ የባንክን ሥራ የሠራልን እርሱ ነውና። የምንመኘው፣ ደግሞም ልንጠይቀው የሚገባን፣ መሥመር ሲኖር በሙሉ ኃይሉ የሚያገለግል፣ መሥመር ሲጠፋ ግን የባለቤቱን ፎቶ፣ መዝገብና ዜማ ከባለቤቱ የማይነጥቅ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመሥራት የጎደለ ጥበብ የለም፤ የጎደለው ከገዢው በኩል የሚቀርብ የጸና ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም በመደብሩ ባንኮኒ፣ በጨረታው ሰነድና በሕጉ አንቀጽ ላይ በአንድ ጊዜ መቅረብ ይገባዋል።